አፈሩ ውሃ ይጠጣል፤ ግን አያሳልፍም

ጥያቄ፦ «ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። አቃቂ አካባቢ ጥቁር አፈር ላይ ቤት ሠርቻለሁ። የፍሳሽ ጉድጓዱ በየወሩ እየሞላ መጣጭ መኪና በመጥራት ተሰላቸሁ። አፈሩን አስመረመርኩ። ወረቀቱ ‹ፐርሚያቢሊቲ 2 × 10⁻⁹ ሜትር በሰከንድ፣ በጣም ዝቅተኛ› ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ ከአፈሩ ግማሽ ያህሉ ባዶ ቦታ ነው ይላል። ግማሹ ባዶ ከሆነ ውሃው ለምን አይገባም? የልጅ ልጄ ይህንኑ ቃል የባዮሎጂ መጽሐፏ ላይ አሳየችኝ። ኤሌክትሪሺያን ጎረቤቴም ስለ ትራንስፎርመር ብረት ሲያወራ ይጠራዋል። ቃሉ አንድ ነው? በአማርኛስ ምን እንበለው?»

መልስ፦ መምህር፣ እንኳን ጠየቁ። ይህን ወረቀት ተቀብለው መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጡ ብዙ ናቸው። ወረቀቱ ላይ ያሉት ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው። አይጣሉም።

ከቃሉ ልጀምር። «ፐርሚያቢሊቲ» ከላቲን የመጣ ነው፤ ሥሩ «በመሃል ማለፍ» ማለት ነው። እኔ በአማርኛ «አሳላፊነት» እለዋለሁ። አንዳንዱ «ስርገት» ይላል። ስርገት ግን የውሃው ሥራ ነው፤ የሚሰርገው ውሃው ነው። አሳላፊነት የአፈሩ ጠባይ ነው። «ሰርጎ ገብነት» የሚሉም አጋጥመውኛል። ሰርጎ ገብ ሲባል ግን እኛ አገር ሰው የሚታወቀው ድንበር አቋርጦ የሚገባ ታጣቂ ነው። እሱን ብንተወው ይሻላል።

ገበሬው ከእኛ በፊት የራሱ ቃል ነበረው። አንዱን መሬት «ውሃ ይጠጣል» ይለዋል፤ ሌላውን «ውሃ ያቁራል»። ግሩም ቃላት ናቸው። ግን «ይጠጣል» የሚለው ሁለት ነገር አንድ ላይ ይይዛል። ውሃን ተቀብሎ ማስቀመጥም መጠጣት ነው። ተቀብሎ ወደ ታች መልቀቅም መጠጣት ነው። የእርስዎ ጥቁር አፈር የመጀመሪያውን አሳምሮ ያደርጋል። ሁለተኛውን ግን አያደርግም። የወረቀትዎ ሁለት ቁጥሮች የሚናገሩት ይህንኑ ነው። ባዶ ቦታው ስንት እንደሚይዝ ይነግርዎታል። አሳላፊነቱ ደግሞ ስንት እንደሚለቅ።

ሺህ ክፍል ያለው ትልቅ ሕንፃ ያስቡ። ከክፍል ወደ ክፍል የሚያሻግሩት በሮች ሕፃን እንኳ የማያሾልኩ ቢሆኑ ቦታው ሺህ ሰው ቢይዝም ማንም ከዳር እስከ ዳር አያልፍበትም። የሸክላ አፈር ቅንጣት ከ0.002 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። በእነዚህ ቅንጣቶች መካከል ያለው ቀዳዳ ብዛቱ ተቆጥሮ አያልቅም። ጥበቱ ግን ልክ የለውም። ውሃ ደግሞ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። በጠባብ መንገድ ሲሄድ ሁሉም ውሃ ግድግዳው አጠገብ ነው፤ ነጻ ሆኖ የሚፈስ የለም። የአንድ ቀጭን ቱቦ ዲያሜትር በግማሽ ቢቀነስ በዚያው ግፊት የሚያሳልፈው ውሃ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። ስለዚህ ነው ግማሽ አካሉ ባዶ የሆነ ሸክላ ሲሶው ብቻ ባዶ ከሆነ ጠጠር በሚሊዮን እጥፍ ያነሰ ውሃ የሚያሳልፈው።

ይህን በቁጥር ያስቀመጠልን ሄንሪ ዳርሲ የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነው። የተወለደው ዲዦን ከተማ ነው፣ በ1803 እ.ኤ.አ.። ለከተማዋ ከሩቅ ምንጭ ንጹሕ ውሃ በቦይ አምጥቶላታል። ዕድሜው ሲገፋ አንድ ጥያቄ ያዘው፦ ውሃ የሚያጣራ አሸዋ በሰዓት ስንት ውሃ ያሳልፋል? ቁመቱ ከሰው በላይ የሆነ ቱቦ በአሸዋ ሞልቶ ከላይ ውሃ እየለቀቀ ለካ። ውጤቱን ያሳተመው በ1856 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አረፈ። ያገኘው ነገር ቀላል ነው። የሚያልፈው ውሃ ግፊቱ በጨመረ ልክ ይጨምራል። የሚያልፍበት ስፋት በጨመረ ልክም እንዲሁ። የአሸዋው ርዝመት ሲጨምር ይቀንሳል። የቀረችው አንዲት ቁጥር የአሸዋው የራሱ ጠባይ ናት። አሳላፊነቱ እሷ ናት። ዛሬም የነዳጅ መሐንዲሶች ድንጋይን የሚለኩበት መለኪያ «ዳርሲ» ይባላል።

አሁን የእርስዎን ቁጥር እናንብባት። 10⁻⁹ ማለት አንድ ሜትር ለቢሊዮን ሲካፈል ነው። ውሃው በራሱ ክብደት ብቻ ወደ ታች ይሄዳል ብንል 2 × 10⁻⁹ በዓመት 6 ሴንቲሜትር ያህል ነው። በዓመት! ጉድጓድዎ ውስጥ ውሃ የሚነካው ግድግዳና ወለል 20 ካሬ ሜትር ነው እንበል። በቀን የሚያሳልፈው ሦስት ሊትር ተኩል ገደማ ይሆናል። አንድ ትንሽ ጀሪካን እንኳ አይሞላም። አምስት ሰው በነፍስ ወከፍ 80 ሊትር ቢጠቀም በቀን 400 ሊትር ወደ ጉድጓዱ ይገባል። በወር 12 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ጉድጓድዎ 12 ሜትር ኩብ ገደማ ከሆነ በየወሩ የሚሞላበት ምክንያት ይኸው ነው። የጠራ አሸዋ ላይ፣ ቁጥሩ 10⁻⁴ ቢሆን፣ ያው 20 ካሬ ሜትር በቀን 170 ሜትር ኩብ ይጠጣ ነበር። እርስዎ ጋ የተሠራው የሚመጥ ጉድጓድ አይደለም። የውሃ ማጠራቀሚያ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሁልጊዜ ይዘነጋል። አሳላፊነት ሲባል «የሚያሳልፈው ምንን ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጠጅ የሚያጠልሉበትን ጨርቅ ያስቡት። ጠጁ ይወርዳል። በዚያው ጨርቅ ላይ ማር ቢያፈሱበት ቁጭ ይላል። ማሩን ፀሐይ ቢያሞቁት ደግሞ መውረድ ይጀምራል። ጨርቁ አልተለወጠም፤ የሚያልፈው ነገር ነው የተለወጠው። ስለዚህ ባለሙያዎች ሁለት ቁጥር አላቸው። አንደኛው የቀዳዳውን ብቻ ይናገራል፤ በዳርሲ የሚለካው እሱ ነው። ሁለተኛው ቀዳዳውንና ፈሳሹን አንድ ላይ ይይዛል፤ በሜትር በሰከንድ የሚጻፈው እሱ ነው። የእርስዎ ወረቀት ሁለተኛውን ነው የሰጠዎት፣ ለውሃ።

የልጅ ልጅዎ መጽሐፍ ላይ ያለውም ያው ቃል ነው። የሕዋስ ሽፋን በር ጠባቂ አለው። ኦክስጅን በቀላሉ ያልፋል። የጨው ቅንጣት በራሱ አያልፍም፤ የተለየ በር ይፈልጋል። ውሃም የራሱ በር አለው። ፒተር አግሬ የሚባል አሜሪካዊ ሳይንቲስት ይህን የውሃ በር በማግኘቱ በ2003 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልሟል። አንዷ በር በሰከንድ እስከ ሦስት ቢሊዮን የውሃ ሞለኪውል ታሳልፋለች። ለልጅቷ በቤት ማሳየት ይችላሉ። ቲማቲም ከትፈው ጨው ነስንሰው ሩብ ሰዓት ያቆዩት። ሳህኑ ላይ ውሃ ይጠራቀማል። ጨው በቀላሉ መግባት ስላቃተው ውሃው ወደ ጨው ወጣ። አፈር ማንንም አይመርጥም፤ የጠበበውን አይለቅም እንጂ። ሕዋስ ግን ይመርጣል። ልዩነቱ እሱ ነው።

ከተቻለ እንስራም ያሳዩአት። የእንስራ ውሃ ለምን ይቀዘቅዛል? ሸክላው በጥቂቱ ያሳልፋል። ውጭውን ሲነኩት እርጥብ ነው። ያ እርጥበት ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። አሳላፊነቱ ዜሮ ቢሆን ኖሮ ውሃው አይቀዘቅዝም ነበር። ትንሽ ቢበዛ ደግሞ ያንጠባጥባል። ምጣድ ላይ የምንፈልገው ተቃራኒውን ነው። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ሲሟሽ ዘይቱ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፤ እንጀራው አይዝም። እናቶቻችን ቃሉን ሳይጠሩ አሳላፊነትን አንዴ ይጠብቁታል፣ አንዴ ይዘጉታል።

ኤሌክትሪሺያኑ ጋ ቃሉ ትንሽ ይርቃል። በብረቱ ውስጥ የሚያልፍ ውሃም ሆነ ሌላ ነገር የለም። ኦሊቨር ሄቪሳይድ የተባለ እንግሊዛዊ በ1885 እ.ኤ.አ. ቃሉን ለማግኔት ተዋሰው። አንድ ነገር የማግኔት መስክ በውስጡ እንዲሰበሰብ ምን ያህል ይመቻል ማለቱ ነው። የትራንስፎርመር ብረት ከአየር በሺዎች እጥፍ ይመቻል። መዳብና አልሙኒየም ከአየር እምብዛም አይለዩም። ለዚህ ነው የትራንስፎርመር ሆድ ብረት የሚሆነው፤ ሽቦው መዳብ የሆነው ግን ኤሌክትሪክን በደንብ ስለሚያስተላልፍ ነው። ጎረቤትዎ ልክ ናቸው።

ወደ ጉድጓዱ እንመለስ፤ እንቅልፍ የሚነሳዎ እሱ ነውና።

ጥቁር አፈር ቀጥ ያለ ጠባይ የለውም። በበጋ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ እጅ ያስገባል፤ አንዳንዴ ከአንድ ሜትር በላይ ይጠልቃል። በዚያ ሰዓት ውሃ ቢያፈሱበት በደቂቃ ይጠፋል። ዝናብ ሲመጣ ሸክላው ያብጣል። ስንጥቁ ይዘጋል። ያው አፈር እንደ ወንፊት ከነበረበት ወደ ተደፈነ ጋን ይለወጣል።

ይህን በመጽሐፍ አንብቤ ነበር። የገባኝ ግን በሰው ቤት ላይ ተሳስቼ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት የካቲት ላይ አንድ ግቢ ሄድኩ። ጉድጓድ አስቆፈርኩ፣ ውሃ አስፈሰስኩ። አሥር ደቂቃ አልቆየም፣ ተመጠጠ። ደስ ብሎኝ «ጥሩ ነው» ብዬ ፈረምኩ። ነሐሴ ላይ የቤቱ ባለቤት ደወሉልኝ። ፍሳሹ ወደ ግቢያቸው ገንፍሎ ነበር። ሄጄ ስቆም የሚያነጋግሩኝ በትሕትና ነበር፤ ይህ ይበልጥ ከበደኝ። የለካሁት አፈሩን አልነበረም። ስንጥቁን ነበር የለካሁት።

ተቃራኒውም ስህተት አለ። ቤተ ሙከራ የሚመረምረው በጡጫ የሚያህል ናሙና ነው። ስንጥቅ፣ የሥር ቀዳዳ፣ የምስጥ መንገድ እዚያ ውስጥ የለም። ስለዚህ መሬቱ ላይ ያለው እውነተኛ አሳላፊነት ከወረቀቱ በአሥር ወይም በመቶ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። በትልቅ ሥራ ላይ ይህ ልዩነት ሕይወት ያስከፍላል። አሜሪካ ውስጥ አይዳሆ ላይ የነበረው የቲተን ግድብ በጁን 5 ቀን 1976 እ.ኤ.አ. ተደረመሰ፤ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ እየሞላ ሳለ። ከጎኑ ያለው ድንጋይ በስንጥቅ የተሞላ ነበር። ውሃው በስንጥቁ ገብቶ የግድቡን አፈር ከውስጥ ሸረሸረው። ሰዎችም ሞቱ። እኛም አገር በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ትግራይ ውስጥ ከተሠሩት ትናንሽ ግድቦች ውስጥ በስር በኩል ውሃ እያፈሰሱ የተቸገሩ ጥቂት አይደሉም።

ስለዚህ እርስዎ ራስዎ መሬቱ ላይ ይለኩት። የሚያስፈልግዎ አካፋ፣ ማስመሪያና ሰዓት ነው። ለመጠቀም ባሰቡት ጥልቀት፣ ወርዱ 30 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ ጉድጓድ ይቆፍሩ። ከዚያ ግድግዳውን በቢላ ይጫሩት። ይህችን አይዝለሏት፤ አካፋ እርጥብ ሸክላን ይለስነዋል፣ የተለሰነ ግድግዳ ደግሞ ውሃ አያስገባም። ከታች ትንሽ ጠጠር ያድርጉበት። ውሃ ሞልተው ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ እየጨመሩ ያቆዩት። ሸክላው አብጦ ይጨርስ። በማግስቱ ውሃውን 15 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ አድርገው 2.5 ሴንቲሜትር ለመውረድ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ይያዙ። በብዙ አገር መመሪያ ከ60 ደቂቃ በላይ ከፈጀ ተራ የሚመጥ ጉድጓድ አይመከርም። እርስዎ ጋ ጥቁሩ አፈር ውስጥ ከዚያ በብዙ እንደሚዘገይ እጠብቃለሁ።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚሠራው መፍትሔ ይኸውልዎ፤ እባክዎ አይሥሩት። ጉድጓዱን ያሰፋል፣ ዙሪያውን ሬድ አሽ ይሞላል። ከቢሾፍቱ በኩል የሚመጣው ያ ቀይ ድንጋይ ውሃ ያሳልፋል፣ እውነት ነው። ግን ውሃው ሬድ አሹን አልፎ የት ይደርሳል? ያው ጥቁር አፈር ላይ። አንድ ትልቅ ገንዳ ሠርተው ጠጠር ሞሉበት ማለት ነው። ገንዳው ሲሞላ ይገነፍላል። የውሃ ጉዞ የሚወሰነው በመንገዱ ላይ ባለው በጠባቡ በር ነው። ሰፊውን በር ይበልጥ ማስፋት ምንም አይጨምርም።

ለቤት መሠረትም ይኸው ነው፤ እዚያ እንዲያውም ይብሳል። ጥቁሩን አፈር አንድ ሜትር ተኩል ቆፍረው ያወጣሉ። ሬድ አሽ ወይም ሰሌክት ማቴሪያል የሚባለውን የተመረጠ አፈር ይሞላሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን የተሞላው ነገር ውሃ የሚያሳልፍ ከሆነ የክረምት ዝናብ ከዙሪያው ገብቶ ከመሠረቱ ሥር ይቋጠራል። መውጫ የለውም። ከታች ያለው ሸክላ ይርሳል፣ ያብጣል፣ ወለሉ ይነሳል። በጥቅምት ግድግዳው ላይ ስንጥቅ ያያሉ፤ ጥፋቱንም ሲሚንቶው ላይ ያደርጋሉ። ቤትዎ እንዲህ ከተሠራ ዙሪያውን ውሃ የማያስገባ የእግር መንገድ ያሠሩለት፤ ውሃውን ከቤቱ የሚያርቅ ተዳፋትና ቦይ ይኑረው። ጥቁር አፈር ላይ ከዘመናት የኖሩ ገበሬዎች ይህን ያውቃሉ። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ ላይ ቤተሰቡ ወጥቶ አፈሩን በእጅ እየሳበ ሰፊ መደብና ቦይ ይሠራል። ውሃውን ወደ ታች ማሳለፍ ስለማይቻል ወደ ጎን ያሳልፉታል።

እርስዎስ? ከሁሉ በፊት የጣሪያ ውሃ ወደ ፍሳሽ ጉድጓዱ እንደማይገባ ያረጋግጡ። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ከ100 ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ይሰበስባል፤ አብዛኛው በክረምት። ያ ውሃ ጉድጓዱ ውስጥ ከገባ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። በታንከር ቢያስቀምጡት ደግሞ ለግቢዎ ይጠቅማል።

ቀጥሎ የጥቁሩን አፈር ውፍረት ይወቁ። አንዳንድ ቦታ ከሁለት ወይም ከሦስት ሜትር በኋላ ያልቅና የበሰበሰ ድንጋይ ይገኛል። እዚያ አሳላፊነቱ የተሻለ ሊሆን ይችላል። የሚመጠውን ጉድጓድ እዚያ ድረስ ማውረድ ይቻላል። ግን እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። የአቃቂ መሬት ጥልቀቱ ላይ ስኮሪያ (ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) እና የተሰነጣጠቀ ባዛልት (ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) አለው። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ትልቅ ድርሻ ያለው የሚቀዳው ከዚያ አካባቢ ጉድጓዶች ነው። የዚያ ድንጋይ አሳላፊነት ከፍተኛ ስለሆነ ነው ውሃውን እንዲህ አብዝቶ የሚሰጠን። በዚያው ልክ ፍሳሽንም ሳያጣራ በፍጥነት ይወስዳል። አፈር ፍሳሽን የሚያጸዳው ቀስ ብሎ ሲያሳልፈው ነው። ውሃው 2.5 ሴንቲሜትር ለመውረድ አምስት ደቂቃ እንኳ ካልፈጀበት አይደሰቱ። ጎረቤት ግቢ የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ካለ ፍሳሽዎን እዚያ ድንጋይ ላይ አይልቀቁት፤ እርስዎን የገላገለዎት ጉድጓድ ለሌላ ሰው ልጅ በሽታ ይሆናል።

ድንጋዩ በጣም ከጠለቀ ወይም በጣም የሚያሳልፍ ከሆነ ሁለት መንገድ ይቀራል። መንግሥት የዘረጋው የፍሳሽ መስመር በአቅራቢያዎ ካለ ገንዘብ ቢያስወጣም ይግቡበት። ከሌለ የመጸዳጃ ቤቱን ፍሳሽ ከእጥበት ውሃው ይለዩት። ከ400 ሊትሩ አብዛኛው የገላ፣ የልብስና የዕቃ እጥበት ነው። ቅባቱ ከተያዘ ይህ ውሃ ጥልቀት በሌለው ሰፊ መደብ ላይ ሣርና ዛፍ እየጠጣው ሊተን ይችላል። ወደ ታች እንቢ ያለው ውሃ ወደ ላይ ይሂድ። ለመጸዳጃው ብቻ የቀረው ጉድጓድ መኪና የሚጠራው በወር ሳይሆን በብዙ ወራት አንዴ ይሆናል።

የሚመጥ ጉድጓድ የሚሠሩ ከሆነ አንድ ነገር ይጠብቁ። ዛሬ የለኩት አሳላፊነት እንዳለ አይቆይም። ፍሳሽ የነካው ግድግዳ ላይ ጥቁር አተላ ይለጠፋል፣ ቀዳዳውን ይደፍናል። ስለዚህ ዝቃጩ ከፊት ባለው ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ይቅር። ታንኩንም ሳይሞላ ያስጠርጉት። ሞልቶ ወደ ሚመጠው ጉድጓድ ያለፈ ዝቃጭ ተመልሶ አይወጣም።

መስከረም ላይ አፈሩ ገና እንደራሰ ቆፍረው ይለኩት። ከዚያ ሦስት ነገር ይላኩልኝ፦ ጥቁሩ አፈር ስንት ሜትር ላይ አለቀ፣ ከሥሩ ምን ዓይነት ድንጋይ ወጣ፣ 2.5 ሴንቲሜትሩ ስንት ደቂቃ ፈጀ። የጉድጓዱን ልክ እኔ አሰላልዎታለሁ።